አምስቱ ስሞች፦ ከፖምፔይ እስከ አርማጭሆ

እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ ተራራ ፈንድቶ ፖምፔይን በአመድ ቀበራት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አመዱ ሰዉን ቢያጠፋም ግድግዳውን ጠበቀ። የምርጫ ቅስቀሳ፣ ስድብ፣ የፍቅር መልእክት፣ የሱቅ ሒሳብ፣ ሥራ የፈታ ሰው በሹል ብረት የጫረው ሁሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ተቀብሮ ቆየ። ከከተማይቱ አምፊቴአትር አጠገብ በነበረው ሰፊ የስፖርት ግቢ፣ በአንድ ዓምድ ላይ፣ ስሙ ያልታወቀ ሰው አምስት አጫጭር ቃላት አንዱን ከአንዱ ሥር ጭሮ ነበር፦ ሮታስ፣ ኦፔራ፣ ቴኔት፣ አሬፖ፣ ሳቶር።

ቃላቱ በላቲን ፊደል ሲጻፉ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ፊደል አላቸው። ተደርድረው ሲታዩ ሃያ አምስቱ ፊደላት እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ይሠራሉ። ከግራ ወደ ቀኝ ያነበበ፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ ከመጨረሻው ፊደል ተነሥቶ ወደ ኋላ የተመለሰ፣ ከታች ወደ ላይ የወጣ፣ ሁሉም የሚያገኘው እነዚያኑ አምስት ቃላት ነው። ለዚህ ሁሉ የዋሉት ስምንት ዓይነት ፊደላት ብቻ ናቸው፤ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኦ፣ አር፣ ኢ፣ ፒ እና ኤን። ኤን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትክክል መሐል ላይ ትቀመጣለች። መካከለኛው ቃል ቴኔት በአግድምም በቁልቁልም ስለሚነበብ በማዕዘኑ ውስጥ መስቀል ይወጣል።

የቃላቱ ፍቺ ከገበሬ ቤት የወጣ ይመስላል። ሳቶር ዘሪ ማለት ነው፤ ቴኔት ይይዛል፤ ኦፔራ ሥራ ወይም ድካም፤ ሮታስ መንኰራኵሮች። አሬፖ ግን በሌላ የላቲን ጽሑፍ አይገኝም። አንዳንዱ የሰው ስም ነው ይላል፤ በመካከለኛው ዘመን ቃላቱን ወደ ግሪክ የመለሰ አንድ ጸሐፊ ደግሞ ማረሻ ብሎ ተርጉሞታል። እኔ የሚመስለኝ ደራሲው ማዕዘኑን ለመዝጋት «ኦፔራ»ን ገልብጦ ያገኘውን ድምፅ እንዳለ ተቀብሎታል የሚለው ነው። የፊደል ጨዋታ የሚወድ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይደርሳል፤ አራቱ ቃላት ይሰምሩለትና አምስተኛው ይቸግረዋል።

እነዚህ ቃላት ናቸው፣ ድምፃቸው ጥቂት ተለውጦ፣ ዛሬ ከጎንደር በስተሰሜን፣ በአርማጭሆ፣ በትክል ድንጋይና በዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች በጸሎት የሚጠሩት፦ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ሁሉ የአምስቱ ቅንዋተ መስቀል (የመስቀሉ ችንካሮች) ስሞች እንደሆኑ ያውቃቸዋል። ከካህን አፍ የሰማቸው ገበሬ ፖምፔይን ከሚያጠኑ ሊቃውንት ይልቅ ትልቅ ነገር ያውቃል፤ ለምን እንደሚጠሩ ያውቃል። መንገዳቸው ግን ረጅም ነው፤ በቅደም ተከተል መተረክ ይገባዋል።

ከፖምፔይ በኋላ ማዕዘኑን የምናገኘው የሮም ጦር በሰፈረባቸው ቦታዎች ነው። ዛሬ ቡዳፔስት በምትባለው ከተማ፣ በጥንቱ አኵዊንኩም፣ በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገና ባልደረቀ የጣሪያ ሸክላ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ በማሰሮ ስባሪ ላይ፣ ሲረንሰስተር ውስጥ ደግሞ በግድግዳ ልስን ላይ ታይቷል። ከሁሉም የሚገርመው በኤፍራጥስ ዳር የነበረችው ዱራ ኤውሮጶስ ናት። ፋርሶች በ256 ገደማ ባጠፏት በዚህች ምሽግ ውስጥ፣ የጦሩ ጸሐፍት መሥሪያ ቤት ካደረጉት የአዛናትኮና መቅደስ ግድግዳ ላይ ማዕዘኑ አራት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ቀኑን ሙሉ የወታደር ስምና ደመወዝ ሲጽፍ የዋለ ጸሐፊ፣ ብርዑን ከማስቀመጡ በፊት እጁ ወደዚህ ጨዋታ መሄዱ አይደንቅም። እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የፊደል ጥበብ ነው። ምናልባት የመጠበቂያ ኃይል አለው ብለው ያሰቡም ነበሩ፤ በሁሉም አቅጣጫ ያው ሆኖ የሚነበብ ጽሑፍ ለክፉ መንፈስ መግቢያ ቀዳዳ የለውም የሚል እምነት በብዙ አገር አለና።

ዕጣ ፈንታው የተለወጠው በግብፅ ነው። ክርስትና በዓባይ ሸለቆ ሥር ሲሰድ የግብፅ ክርስቲያኖች፣ ቅብጦች፣ ማዕዘኑን ተቀብለው በክታባቸው ላይ ጻፉት። የላቲን ቋንቋ ለእነርሱ ባዕድ ስለነበር ዘሪውም መንኰራኵሩም ጠፋ፤ የቀረው ድምፁና መስቀል የሚያወጣው ቅርጹ ነበር። በቅብጥ ፊደል ከተጻፉት ቅጂዎች ውስጥ በ«ፐ» ቦታ «ተ» የገባባቸው አሉ፦ ሳቶር፣ አሬቶ፣ ቴኔት፣ ኦቴራ፣ ሮታስ። ለውጡ በሁለቱም ቃላት በአንድነት ስለተደረገ ማዕዘኑ አልፈረሰም፤ አሁንም በአራቱም አቅጣጫ ይነበባል። ይህን «ተ» አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ጎንደር ላይ እናገኘዋለን።

ከዚያ አንድ ስሙ ያልታወቀ ክርስቲያን አምስቱን ቃላት ከክርስቶስ ሕማም ጋር አገናኛቸው። ወንጌል ጌታ ስለተቸነከረባቸው ችንካሮች ቍጥር የሚናገረው የለም፤ ቶማስ የችንካሩን ምልክት ካላየሁ አላምንም ማለቱን ዮሐንስ ይነግረናል እንጂ። ቁስሎቹ ግን አምስት ናቸው፤ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ አንድ ጎን። አምስት ቁስል ባለበት አምስት የተቀደሰ ድምፅ ያለው ቃል ቢገኝ እያንዳንዱን መጥራት፣ በየስሙ መማጸን ይቻላል። ስም የሌለው ነገር ለጸሎት አይመችም። የመላእክት ስም፣ የሰባቱ ሰማያት ስም፣ የሁለቱ ወንበዴዎች ስም ሳይቀር በምሥራቅ ክርስቲያኖች ዘንድ የተቆጠረውና የተጠበቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

የቃላቱ አዲስ ሕይወት ግልጽ ምስክር ኑብያ ውስጥ ይገኛል። በፋረስ፣ በዓባይ ዳር፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ቴዎፍሎስ የሚባል ባሕታዊ በዐለት ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ ይኖር ነበር። የዋሻውን ግድግዳ በኖራ ለብጦ የኒቅያን ጸሎተ ሃይማኖት፣ ጌታ ለንጉሡ ለአብጋር ጻፈው የሚባለውን ደብዳቤና የበረሃ አባቶችን ቃል በቅብጥ ቋንቋ ጻፈበት። ከእነዚህ መካከል አምስቱ ቃላት የመስቀሉ ችንካሮች ስም ተብለው ይገኛሉ። ብቻውን የሚኖር መነኵሴ ሲተኛና ሲነሣ የሚያያቸውን ቃላት መርጦ እንደሚጽፍ አስቡት፤ የፖምፔይ ሥራ ፈት ጨዋታ እዚህ ከሃይማኖት ጸሎት ጎን ተሰልፏል። ዋሻው ዛሬ የለም፤ በ1960ዎቹ የአስዋን ታላቁ ግድብ ሐይቅ ፋረስን ዋጣት። ጽሑፉ የተረፈው ቀደም ብሎ ስለተገለበጠ ነው።

ከፋረስ ወደ እኛ ሁለት መንገድ ነበረ። አንዱ በመሬት፣ ዓባይንና አትባራን ተከትሎ ሽቅብ፣ ኋላ የስናርና የጎንደር ነጋዴዎች በመተማ በኩል የተመላለሱበት አቅጣጫ ነው። ከትክል ድንጋይ ደጋ ጫፍ ቆሞ ወደ ሳንጃ ቆላ ቁልቁል የሚያይ ሰው የሱዳን ሜዳ እንዴት ቅርብ እንደሆነ ይገባዋል። ሁለተኛው የመጽሐፍ መንገድ ነው። ከመጀመሪያው ጳጳስ ከፍሬምናጦስ ጀምሮ ጳጳሳችን የሚሾመው እስክንድርያ ላይ ነበር፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመንም እንዲሁ ቆየ። ጳጳስ ብቻውን አይመጣም፤ መጽሐፍ፣ ጸሎት፣ ዜማና ተርጓሚ ይዞ ይመጣል። እኔ ሁለተኛውን መንገድ አምናለሁ፤ ምክንያቴም እዚሁ በቤተ ክርስቲያናችን የሚሰማ ነው።

በሰሙነ ሕማማት ምእመናን ሲሰግዱ ኪርያላይሶን ይባላል፤ ይህ ግሪክ ነው። እብኖዲ ናይን ይባላል፤ ይህ ደግሞ «አምላክ ሆይ ማረን» የሚል የቅብጥ ልመና ነው። ቅብጦች አምላክን የሚጠሩበት ቃል በራሳቸው ጽሕፈት «ኑቲ» ነው፤ እኛ ዘንድ «ኖዲ» ሆኗል። «ተ» ወደ «ደ» ተለወጠ። ሳቶርን ሳዶር፣ ሮታስን ሮዳስ ያደረገው ይኸው ለውጥ ነው። ኦፔራም በግብፅ ኦቴራ ባይሆን ኖሮ እኛ ዘንድ አዴራ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ከ«ፐ» ወደ «ደ» የሚያሻግር መንገድ የለምና። ቅብጦች በአነጋገራቸው «ደ»ንና «ተ»ን አጥርተው አይለዩም፤ የእኛ ሰዎች ደግሞ የሰሙትን እንደሰሙት ጻፉ። ስለዚህ አምስቱ ስሞችና የስቅለት ስግደት ልመና ከአንድ ቤት፣ ከአንድ አፍ የመጡ ናቸው ብዬ እደመድማለሁ። አላዶር ብቻ ከወንድሞቹ ርቋል። አሬቶ አላዶር እስኪሆን «ረ» ወደ «ለ» ዞሯል፤ መጨረሻው ላይ «ር» የተጨመረው ግን ሳዶርን ተከትሎ በአንድ ትንፋሽ ሲባል ቤት እንዲመታ ይመስለኛል።

ወደ ግእዝ ሲገቡ የሆነው ነገር ለፊደል ወዳጅ ያሳዝናል። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይይዛል። ሳቶር በላቲን አምስት ፊደል ነው፤ በእኛ ሦስት። አምስቱን ቃላት በእኛ ፊደል ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ ብለን ብንደረድርና የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ወደ ታች ብናነብ «ሳአቴኦሮ» ይወጣል፤ ከኋላ ብናነብ «ርቶሳ»። ሃያ አምስቱ ፊደላት ተበተኑ፣ አራት ማዕዘኑ ጠፋ፣ መሐል የነበረው መስቀልም አብሮ ሄደ። አላዶር አራት ፊደል፣ ሌሎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ቀሩ።

ይህ ግን ለሊቃውንቱ አዲስ ነገር አልነበረም። ዳዊትን የደገመ ሁሉ 118ኛውን መዝሙር ያስታውሳል። በዕብራይስጥ ይህ መዝሙር በፊደል ተራ የተገጠመ ነው፤ ሃያ ሁለት ክፍል አለው፣ በእያንዳንዱ ክፍል ያሉት ስምንት ቁጥሮች በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፣ ጠቅላላው 176 ቁጥር ይሆናል። በአክሱም ዘመን መዝሙሩ ከግሪክ ወደ ግእዝ ሲተረጎም የፊደሉ ጥበብ ሊመጣ አልቻለም። የፊደላቱ ስሞች ግን በየክፍሉ ራስ ላይ ቀሩ፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያሉ እስከ ታው። የቄስ ተማሪ ልጅ ለምን እንደተጻፉ ሳይጠይቅ ከመዝሙሩ ጋር በቃሉ ይይዛቸዋል። ቅርጹ ሲፈርስ ስሙን መጠበቅ ለኢትዮጵያ ጸሐፊ የቆየ ልማድ ነበር። የማይገባኝን አልቆርጥም፤ ያስረከቡኝን አስረክባለሁ የሚል የጸሐፊ ታማኝነት ነው። ይህን ታማኝነት አለማስተዋል ብለው የናቁ የውጭ አገር ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ግን ያለዚያ ታማኝነት ዛሬ የምንከተለው ዱካ እንደማይኖር አያለሁ።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ መተርጕም በሚል ቅጽል የሚታወቁት አቡነ ሰላማ በጵጵስና ሳሉ፣ ብዙ መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሱ። የሕማማትና የመስቀል ንባቦች በስፋት የገቡት በዚህ ዘመን ነው። ቴኔት ዳናት የሆነውም በዐረብኛ በኩል ሲያልፍ ሊሆን ይችላል፤ አጫጭር አናባቢዎቹ በማይጻፉበት ቋንቋ ያለፈ ቃል ሲወጣ ድምፁን ቀይሮ መውጣቱ የታወቀ ነው።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) አስማት በሚደግሙና በጠንቋዮች ላይ ብርቱ ትግል ገጠሙ። ያው ንጉሥ ሕዝቡ የሥላሴን ስምና ሰይጣንን መካዱን የሚመሰክር ቃል በግንባሩና በእጁ እንዲጽፍ ማዘዛቸውን ዜና መዋዕላቸው ይነግረናል። የመስቀሉን ክብርም ከፍ ከፍ አደረጉ። ሁለቱ አይቃረኑም። ንጉሡ ከቃል ኃይል ጋር አልተጣሉም፤ የጠየቁት ቃሉ የማን እንደሆነ ነበር። አምስቱ ስሞች በዚህ ወንፊት ያለፉት የቅንዋት ስም ስለሆኑ ነው። የአጋንንት ስም ወይም የማይታወቅ ጥሪ ሆነው ቢሆን ኖሮ ዕድላቸው ሌላ በሆነ ነበር።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብለው ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጥተው ነበር፤ ከእነርሱ ጋር የተስማማው አባ ጎርጎርዮስ፣ የአምሐራ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ በዚህ ምክንያት ተሰደደ። በ1649 ሮም ውስጥ የኢትዮጵያውያን ማረፊያ በሆነው በሳንቶ ስቴፋኖ ወጣቱን ጀርመናዊ ኢዮብ ሉዶልፍን አገኘው። በ1652 ወደ ጎታ ተጋብዞ ሄደና ሁለቱ ለወራት ተቀምጠው ግእዝና አማርኛ፣ ታሪክና ሥርዓት ሲነጋገሩ ከረሙ። ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል መርከቡ ሰጥማ ሞተ። ሉዶልፍ ግን ሥራውን ቀጠለ፤ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1691 ደግሞ ሰፊ ሐተታውን አሳተመ። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ የሚሉትን ስሞች ለአውሮፓ አንባቢ ያደረሰው እርሱ ነው። ፖምፔይ ያን ጊዜ ገና በአመድ ሥር ነበረች። የአምስቱ ቃላት የኢትዮጵያ መልክ የታተመው የፖምፔዩ ቅጂ ከመገኘቱ ከ200 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

ጎንደር በዚህ መካከል የሊቃውንት አገር ሆነች። የአንድምታው ትርጓሜ፣ የበዓታው አቋቋም፣ የቅኔው ጉባኤ ከየአውራጃው ተማሪ ሳበ። በቅኔ ቤት የሰለጠነ ደብተራ ቃልን በልክ መስፋት ያውቃል፤ ጉባኤ ቃናው በሁለት ቤት፣ መወድሱ በስምንት ቤት፣ እያንዳንዱ ቤት በዜማው ልክ። ያንን የላቲን ማዕዘን ቢያሳዩት ኖሮ ከማንም በላይ የሚያደንቀው እርሱ ነበር። የደረሱት ግን ስሞቹ ብቻ ነበሩ፤ እርሱም የራሱን ልክ ሰጣቸው።

ያ ልክ የክታብ ልክ ነው። ለታመመ፣ ልጅ ለሚሞትባት እናት፣ ሌሊት ለሚያስጨንቀው ሰው ደብተራው ብራና ይፍቃል፤ ቀጫጭን ቁራጮችን በጅማት ቀጥሎ በባለቤቱ ቁመት ልክ ያስረዝመዋል። ከራስ እስከ እግር የሚደርስ ጽሑፍ ከራስ እስከ እግር ይጠብቃል። በጥቁር ቀለም ጸሎቱን፣ በቀይ ቀለም ቅዱሳት ስሞችንና የባለቤቱን የክርስትና ስም ይጽፋል። ከራሱ ላይ መስቀል ወይም ሰይፍ የያዘ መልአክ ይሥላል። ለወላድ ሴት ስለ ቅዱስ ሱስንዮስና ስለ ወርዘልያ የሚናገረው ጸሎት አይቀርም። አምስቱ ስሞችም በዚህ ውስጥ ቦታ አላቸው፤ በአምስቱ ቅንዋት እየተማጸኑ በሽታን፣ ዓይነ ጥላን፣ ባርያ የሚባለውን ክፉ መንፈስ ለመገሠጽ። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና ከአንገት ይውላል።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ክታብን በሚመለከት አንድ ልብ አይደሉም፤ የሚያወግዙት ብዙ ናቸው። የአምስቱ ስሞች ቦታ ግን ከክታብ ይሰፋል። በስቅለት ዐርብ፣ በትክል ድንጋይም እንደ ሌላው የጎንደር አጥቢያ፣ ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሰግድ ይውላል። ማታ ካህኑ ምእመኑን በወይራ ቅጠል እየጠበጠበ የስግደቱን ቁጥር ያዝዘዋል። በዚያ ቀን ስሞቹ የትምህርት ጉዳይ ናቸው። በሰፊው በሚሰጠው ትምህርት ሳዶር ሁለቱ እግሮቹ የተቸነከሩበት፣ አላዶር ቀኝ እጁ፣ ዳናት ግራ እጁ፣ አዴራ መሐል ልቡ፣ ሮዳስ ደረቱ የተቸነከረበት ነው። እያንዳንዱ ስም የሰውነት ክፍል አለው፤ ሰጋጁ ስሙን ሲሰማ ያ ክፍል ይታወሰዋል። ማንበብ የማይችል ሰው ሕማሙን በአምስት ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሮም ጦር ጸሐፍት እጅ ጨዋታ የነበሩ ቃላት ከዚህ የበለጠ ትርጉም ያገኙበት አገር አላውቅም።

19ኛው ክፍለ ዘመን ለጎንደር መጻሕፍት ክፉ ነበር። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማይቱን አስበዘበዙ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን ብራና ሰብስበው መቅደላ ላይ ለሚያሠሩት መድኃኔ ዓለም አስቀመጡ። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ወደ 350 የሚሆን ብራና ወደ ብሪትሽ ሙዚየም ሄደ። በዚያው በ1868፣ በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ ሲረንሰስተር ውስጥ ከአንድ አትክልት ቦታ ሥር የሮማ ዘመን ግድግዳ ልስን ወጣና በላዩ አምስቱ ቃላት ተነበቡ። ብራናዎቹን የሚመዘግቡትና ልስኑን የሚመረምሩት ሰዎች በአንድ አገር ይኖሩ ነበር። በ1888 ደግሞ የሱዳን ድርቡሾች በመተማ በኩል መጥተው የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ። ያን ጊዜ የነደደውን ብራና ቆጥሮ የጨረሰ የለም። በቃል ያለ ነገር ግን አይነድም፤ አምስቱን ስሞች ከቆላ እስከ ደጋ ሕዝቡ ይዟቸው ነበር።

ከ1925 እስከ 1936 ያሉት ዓመታት ነገሩን ሁሉ በአንድ ላይ ያመጡት ናቸው። በ1925 ፖምፔይ ውስጥ በፓኵዊዩስ ፕሮኩሉስ ቤት የተሰበረ ቅጂ ተገኘ። በ1926 ፌሊክስ ግሮሰር የተባለ ጀርመናዊ ሃያ አምስቱን ፊደላት በትኖ ሲደረድራቸው በላቲን «አባታችን» የሚሉት ሁለት ቃላት በመስቀል ቅርጽ ሁለት ጊዜ እንደሚወጡ አሳየ። ሁለት ኤ እና ሁለት ኦ ይተርፋሉ፤ አልፋና ዖሜጋ ናቸው አለ። ብዙ ሊቃውንት ማዕዘኑ ከመጀመሪያውም የክርስቲያኖች ምስጢር ነበር ብለው አመኑ። በ1931 እና በ1932 ዱራ ላይ የተደረገው ቁፋሮ አራቱን ቅጂዎች አወጣ።

ያን ጊዜ፣ በ1932 ክረምትና መጸው፣ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የማርሴል ግሪዮል የፈረንሳይ ቡድን ጎንደር ሰፍሮ ነበር። ከ300 በላይ ብራናዎችንና ብዙ ክታቦችን ሰብስቦ፣ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ነቅሎ ወደ ፓሪስ ወሰደ። ይህ ለጎንደር እስከ ዛሬ ያልሻረ ቁስል ነው። ከቡድኑ አባላት አንዷ የቋንቋ ሊቋ ዲቦራ ሊፍሺትዝ በ1940 የኢትዮጵያ የአስማትና የጸሎት ጽሑፎችን ግእዙን ከነትርጉሙ አሳተመች። በ1942 አይሁዳዊት በመሆኗ ተይዛ ናዚዎች አውሽቪትዝ ላይ ገደሏት። ባርያንና ክፉ መንፈስን የሚገሥጹ የጎንደር ጸሎቶችን በትጋት የተረጎመች ሴት እንዲህ መሞቷ ሥራዋን በከፈትኩ ቁጥር ያመኛል።

በ1936 የጸደይ ወራት የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር ጎንደር ገባ። አርማጭሆ በአሞራው ውብነህ ተሰማና በሌሎች አርበኞች እየተመራ በጫካ፣ በገደልና በዐለት መካከል መዋጋት ጀመረ፤ ጎንደር ኅዳር 1941 ነፃ እስክትወጣም አልተኛም። በዚያው በ1936 መጨረሻ ኢጣሊያዊው አርኪዮሎጂስት ማቴዮ ዴላ ኮርቴ ፖምፔይ ውስጥ፣ በስፖርት ግቢው ዓምድ ላይ፣ ሙሉውን ማዕዘን አገኘ። ግኝቱ የግሮሰርን ሐሳብ አናጋ፤ በ79 ፖምፔይ ላይ መስቀልን ምልክቱ ያደረገ ላቲን ተናጋሪ የክርስቲያን ማኅበር ነበር ማለት ይከብዳልና። እኔም የፊደል ጨዋታው ከክርስቲያን እጅ አልወጣም ከሚሉት ጋር ነኝ። ክርስቲያኖች አገኙት እንጂ አልፈጠሩትም። ፍጥረቱን ከሚጠይቅ ይልቅ ማን ምን አደረገው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ፋረስንና ጎንደርን ሳይረግጥ መልስ አያገኝም። ስለ ማዕዘኑ የተጻፉት የአውሮፓ ጽሑፎች ኢትዮጵያን በአንድ መሥመር፣ አንዳንዴም በግርጌ ማስታወሻ ያልፏታል። በምድር ላይ ቃላቱ እስከ ዛሬ በሕዝብ አፍ በሕይወት ያሉበትን ቦታ በግርጌ ማለፍ ትልቅ ጉድለት ነው።

በ1978 የማንቸስተሩ ስባሪ ወጣ። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም መቀዳት ጀምረው በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ከመጥፋት ድነዋል። በ2021 ደግሞ አምስት ፊደል ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል በስድስት ሙከራ የሚያስገምተው ዎርድል ዓለምን አዳረሰ፤ የጎንደር ወጣትም በስልኩ አምስት ባዶ ሣጥኖች ከፍቶ የትኛው ፊደል የት ይገባል እያለ ሊጫወት ይችላል። የአያቱ ክታብ ውስጥ በጥንት አምስት አምስት ፊደል የነበራቸው ቃላት እንዳሉ የነገረው የለም።

ያልተሠራው ሥራ የድምፁ ነው። ብራናው ፎቶ ተነሥቶ፣ ክታቡ በፓሪስና በለንደን ተመዝግቦ፣ የስሞቹ አጠራር ግን በየአጥቢያው አልተቀዳም። በአርማጭሆና በወገራ፣ በደምቢያና በስሜን ሽማግሌዎችና ካህናት አምስቱን ስሞች በምን ተራ ይጠሯቸዋል? አላዶር የሚለውን አሬዶር ብሎ የሚያነብ አሮጌ ክታብ ይኖር ይሆን? ሮዳስ ለደረት መሰጠቱ በሁሉም ዘንድ ነው ወይስ በአንዳንድ ጉባኤ ብቻ? አንድ «ረ» በ«ለ» ቦታ ብትገኝ ከፋረስ እስከ ጎንደር ያለው ሰንሰለት አንድ ቀለበት ይጨምራል። ትክል ድንጋይ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በመኪና የአንድ ጠዋት መንገድ ናት፤ መቅረጫ ይዞ የሁዳዴን የመጨረሻ ሳምንታት እዚያ የሚያሳልፍ ተማሪ ይበቃል።